አምስት ሳጥን በአንድ እሁድ

ማክሰኞ። 54 ቀን ይቀራል።

ይህን ደብተር ዛሬ ሥልጠናው ላይ አደሉን። ሽፋኑ ላይ «አንድ ቀን፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ ድምፅ» ተብሎ ታትሟል። ድምፁ አንድ ሳይሆን አምስት ነው፤ ግን ኃላፊያችን መፈክር ላይ ሂሳብ አይወድም። ከጀርባው «ስላይድ» እንለዋለን። ግድግዳ ላይ የሚያበራው ነገር ከሌለ ደህና አደራችሁ እንኳን አይወጣውም። ዛሬ አርባ አንድ ስላይድ አሳየን። ሰባተኛው ላይ ሁለት ሰው አንቀላፋ። አስራ ዘጠነኛው ላይ መብራት ሄደ፤ አዳራሹ በሙሉ በልቡ አጨበጨበ። መብራቱ ተመልሶ መጣ።

የሥልጠና ማስታወሻ ልይዝበት ነበር። «1. አዲሱ ሕግ» ብዬ ጀመርኩና የስላይድን ጆሮ ስዬ ጨረስኩ። ስለዚህ ደብተሩ የግሌ ሆኗል። ደግሞም ሰሞኑን ሆዴ ውስጥ የሚጉላላ ነገር አለ። ለሰው ከመናገር ለወረቀት መናገር ይሻላል፤ ወረቀት ቢያንስ መልሶ አይጠይቅም።

ሕጉ ባጭሩ እንዲህ ነው። በከተማችን በየተራ ይደረጉ የነበሩት ምርጫዎች ሁሉ፣ ማለትም የምክር ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የገበያው፣ የውሃውና የመቃብር ቦታው ኮሚቴ፣ ከእንግዲህ በአንድ እሁድ፣ በአንድ ግቢ፣ በየሰፈሩ ጣቢያ ይደረጋሉ። እስከ ዛሬ እያንዳንዱ የራሱ ቀን ነበረው። ቀኑን የሚቆርጠው ደግሞ መዝጋቢው ነው። መዝጋቢው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የመቃብር ቦታው ምርጫ ላይ ሁልጊዜ ከመራጩ ይልቅ እዚያው የተኛው ይበዛ ነበር፤ ግን አንድም ቀን አቤቱታ ቀርቦ አያውቅም።

እና አሁን ምን ጎደለና ነው የሚቀላቅሉት? እንዲሁ ነው የጠየቅኩት። ለራሴ።

ረቡዕ። 53 ቀን።

እትዬ ቢሮ መጣች። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አስራ ስድስት ዓመት የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ሆናለች። ከተማው «ቧንቧ» ይላታል፤ እሷም ታውቃለች፣ ደስ ይላታል። በስልሳ ሦስት ዓመቷ ዛሬም ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በመፍቻ ቧንቧ ታጠብቃለች፤ ሠራተኞቹ ዳር ቆመው ስድብ ይቀበላሉ።

በሩን ሳታንኳኳ ገባች። «ይሄ ነገር እውነት ነው?»

«የቱ?»

«አትቀልድብኝ። የውሃውን ምርጫ ከእነዚያ ጋር ልትደርቱት ነው አሉ።»

«እኔ አይደለሁም እትዬ። ሕግ ነው።»

«ሕግ! የውሃ ምርጫ ውሃ የሚገባው ሰው ነው የሚመርጠው። የምክር ቤቱን ፖስተር አይቶ የመጣ ጎረምሳ ስለ ቧንቧ ምን ያውቃል?»

ውሃ የሚገባው ሰው ስትል ነገሩ የሚገባው ማለቷ ነው፤ እቤቱ የሚገባለት ማለቷ አይደለም። ይመስለኛል።

ባለፈው ያሸነፈችው በሰማንያ ሦስት ድምፅ ነው። ተቃዋሚዋ አስራ ሁለት አገኘ፤ አስራ ሁለቱም ዘመዶቹ ነበሩ። የውሃው ምርጫ ሁልጊዜ በክረምቱ መሀል፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዳራሹ የሚለቀቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ለማንም አስረዳለሁ።

ዓርብ። 51።

ለማተሚያ ቤት ትእዛዝ ላክሁ። አምስት ወረቀት አምስት ቀለም። ምክር ቤት ነጭ። ትምህርት ቤት አረንጓዴ። ገበያ ሮዝ። የውሃ ሰማያዊ። መቃብር ግራጫ። ስላይድ ቀለሞቹን በስላይድ ካላየሁ አለ። አሳየሁት። ሮዙ አላማረውም። ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ። 48።

የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዛሬ አናደደችኝ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ግን ዝግ ብላ የምትጠይቀው ጥያቄ ጥርስ እንደ መንቀል ነው።

አምስቱን የመራጭ ዝርዝር ወደ አንድ እያዋሃድን ነበር። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «የምክር ቤቱ ዝርዝር አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰው አለው» አለች። «የውሃው ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አርባ። አንድ ሺህ አራት መቶ ስልሳ ሰው የት ሄደ?»

«የውሃውን ከቆጣሪ ዝርዝር ላይ ነው የምገለብጠው። ቆጣሪ ያለው ይገባል።»

«ደንቡ ግን ነዋሪ ሁሉ ነው የሚለው።»

«ከቆጣሪ መገልበጥ ይቀላል።»

«ለማን?» አለች።

ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። የጎደሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው። ቆጣሪ ያልገባላቸው ውሃ ስለማይደርሳቸው ነው፤ ውሃ ያልደረሳቸው ደግሞ... በቃ፣ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም።

ስመለስ የአዳራሹን የቀጠሮ መዝገብ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኛለች። ባለፈው የውሃ ምርጫ ጊዜ አዳራሹ ወሩን በሙሉ፣ እሁዶቹን ጨምሮ፣ ባዶ ነበር። ሳላነብ መለስኩላት። ማለቴ አንብቤ።

ቅዳሜ። 43።

እትዬ ቤት ምሳ። ባለቤቴም ነበረች። ባለቤቴ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ይህ በአንድ ቤት ውስጥ መርገም ነው።

እትዬ የድሮ ድሎቿን እየቆጠረች «አራት ጊዜ! አራት ጊዜ ሕዝቡ መረጠኝ!» ስትል ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ሰማንያ ሦስት ከአራት ሺህ ሁለት መቶ» አለች፣ «ሁለት ከመቶ አይሞላም።» እግሯን በእግሬ ነካ አደረግሁ። ለካ የእትዬ እግር ኖሯል።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱን እየወጣን ባለቤቴ እንዲህ አለች፦ «አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቤታችን ከከተማው ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ታች ያለው ሕዝብ ውሃ የለውም፤ እኛ ቤት ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ውሃ ሽቅብ ሲፈስ ያየሁት ከአንተ ጋር ከተጋባሁ በኋላ ነው።»

«ግፊቱ ጥሩ ስለሆነ ነው» አልኳት።

«የማን ግፊት?» አለች።

የዚህች ከተማ ሴቶች አንድ ላይ ተማክረው ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ። 40።

ለውሃው ሁለተኛ እጩ ተመዘገበች። ታች ሰፈር የልብስ ማጠቢያ ያላት ሴት ናት፤ የእንግዳ ማረፊያዎቹን አንሶላ የምታጥበው። እጆቿ እስከ ክርን ድረስ ነጥተዋል። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ የሳሙና ሽታ ቢሮውን ሞላው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ቢሮ የሸተተኝ የመጀመሪያው ደግ ነገር ነው።

ቅጹ ላይ «ልምድ» የሚል ክፍት ቦታ አለ።

«ልምድ አለዎት?» አልኳት።

«አስራ አንድ ዓመት ያለ ውሃ ልብስ አጥቤያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልምድ አለ?»

እንዳለችው ጻፍኩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «የውሃው ምርጫ ከዚህ በፊት መቼ ነበር? እኔ ሰምቼ አላውቅም።»

«ማስታወቂያ ይለጠፋል።»

«የት?»

«ሰሌዳው ላይ።»

«የትኛው ሰሌዳ?»

ኮሪደሩ ውስጥ ወስጄ አሳየኋት። ሰሌዳው ከመዝገብ ቤቱ በር ኋላ ነው፤ በሩ ሲከፈት ይሸፍነዋል፤ በሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። በሩን ዘግታ፣ ሰሌዳውን አይታ፣ መልሳ ከፈተችው። ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ያመመኝ። «ጎበዝ ናችሁ» ብላ ሄደች።

ሐሙስ። 38።

እትዬ የአዲሱን ሕግ አንቀጽ አስራ አራት አገኘችው። የፋርማሲው ሰውዬ ነው ያነበበላት፤ መድኃኒት ሲያጣ ሕግ ያነባል። አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ የመራጮች ዝርዝሩ ያልተሟላ ምርጫ ካለ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከአንድ ወር በፊት በደብዳቤ ካመለከተ ያ ምርጫ ተነጥሎ በሌላ ቀን ሊደረግ ይችላል። ማመልከቻው ክልሉ ቢሮ በእጅ መድረስ አለበት። የመጨረሻው ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ አስራ አንድ ሰዓት።

«ዝርዝሩ አልተሟላም፤ አይደል?» አለች።

«አልተሟላም።»

«ውሸት ጻፍ አላልኩህም እንግዲህ።»

«አላልሽም።»

«እኔ ለራሴ ብዬ ነው? አንድ ፓምፕ ነው ያለን። አንድ! አጣቢዋ መጥታ ለሁሉም አዳርሳለሁ ስትል ለማንም አይደርስም። ማን ነው ቧንቧው የት የት እንደተቀበረ የሚያውቀው?»

ይህም እውነት ነው። የቧንቧዎቹ ካርታ የትም የለም፤ እሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ኮሚቴው ለምን ካርታ አላሠራም ብሎ የጠየቀ ግን የለም፤ እኔን ጨምሮ።

በሩ ላይ ቆማ «አንተን ስንት ዓመት እንዳዘልኩህ ታውቃለህ?» አለች። አውቃለሁ። በየጊዜው ታስታውሰኛለች። ወገቧን የሚያማት በኔ ነው፤ እኔ አሁን ዘጠና ኪሎ ነኝ፤ ያን ጊዜም ከባድ ነበርኩ ትላለች።

ሰኞ። 34።

ታች ሰፈር ዋልኩ። የጎደሉትን ለመመዝገብ ከመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ጋር በር በበር ሄድን። ስላይድ መኪና ከለከለን፤ መኪናው ስላይድ ሊያሳይ ሄዷል።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህች ከተማ መዝጋቢ ሆኜ ታች ሰፈር ያሉትን ሰባት መንገዶች አላውቃቸውም። ከቢሮዬ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አንድ ግቢ ገባን፤ መሀል ላይ የቧንቧ ምሰሶ ቆሟል፣ ፍየል ታስሮበታል።

«ይሠራል?» አልኳቸው የግቢውን ባለቤት ሽማግሌ።

«እጅግ በጣም» አሉኝ። «ሰባት ዓመት ፍየሏ አምልጣ አታውቅም።»

ስማቸውን ስጽፍ የኔን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «አሃ፣ የቧንቧዋ ወንድም!» አሉ። የሚሳደቡ መስሎኝ ጠበቅሁ። «እህትህ ምላሷ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ግን ወዲህ መጥታ አታውቅም። ለምን ትምጣ? ማን ጠራት?» አሉ። ቅጹ ላይ ለዚህ ቦታ የለም።

ሦስተኛው መንገድ ላይ አንዲት ሴት በብርጭቆ ውሃ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ሙሉውን። ከግቢው ስንወጣ መዝገብ ቤቷ «ጠምቶህ ነበር?» አለችኝ። አልጠማኝም ነበር። በር ላይ ዘጠኝ ጀሪካን ተሰልፎ አየሁ፤ አንዱ ብቻ ነው የሞላው። ሃምሳ አራት ዓመት የኖረ ሰው ሳይጠማው የሰው ውሃ ይጠጣል? ደደብ።

በአንድ ቀን ሦስት መቶ አስር ሰው መዘገብን። በዚህ አካሄድ ሁሉንም መጨረስ ይቻላል። ይህን መዝገብ ቤቷ ናት ያለችው። እኔ አላልኩም።

ረቡዕ። 32።

ደብዳቤውን ጻፍኩት። «ዝርዝሩ እስከ ዛሬ ያልተሟላ በመሆኑና በቀረው ጊዜ ማሟላት አስቸጋሪ በመሆኑ...» አይቻልም አላልኩም። አስቸጋሪ ነው ያልኩት። አስቸጋሪ ያልሆነ ምን አለ? ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም የውሸት ቃል የለበትም። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ መጻፍ እችላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው።

ስላይድ ሳያነብ ፈረመ። «ስላይድ አለው?» ብቻ ነው ያለው።

መዝገብ ቤቷ ቁጥር ሰጥታ ስትመዘግበው ቀና ብላ አላየችኝም። «ወጪ ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወጥታ ወደ ታች ሰፈር ሄደች፣ ብቻዋን፣ ቅጽ ተሸክማ። የጉልበት ሕመም አለባት።

ዓርብ። 30።

ረሳሁት።

እንዲህ ነው የሆነው። በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ክልሉ ቢሮ ፊት ለፊት ወረድኩ። ገና ጊዜ አለ ብዬ መንገድ ማዶ ፀጉር ቤት ገባሁ። አስተካካዩ ራሴን ዞሮ ዞሮ አይቶ «ምኑን ላስተካክለው?» አለኝ። «እንዳየህ» አልኩት። ወንበሩ ምቹ ነበር። ሬዲዮ ነበር። በመስኮቱ የቢሮውን በር አያለሁ፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ጥበቃው በሩን በሰንሰለት ሲዘጋ አየሁት። ያኔ ነው ደብዳቤው ትዝ ያለኝ። አስራ አንድ ሰዓት ከአምስት።

ሰው ይረሳል። ዕድሜም አለ።

ቅዳሜ። 29።

ለባለቤቴ ነገርኳት። መላጣዬን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አለች። «ያሉህን ሦስት ፀጉሮች። ለአንዱ ሃምሳ ደቂቃ ይደርሳል።»

«ረሳሁት አልኩሽ እኮ።»

«አንተ የሃያ ሁለት ዓመት የመቃብር ምርጫ ውጤት በቃልህ የምታውቅ ሰው!» አለች። ግን ፈገግ ብላ ነበር፤ ሻዬንም ራሷ ቀዳችልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እትዬ ዘንድ ሄድኩ። የደረስኩት መፍቻዎቿን በዘይት ስትወለውል ነው። ረሳሁት ስላት እጇ ቆመ። ስድብ ጠበቅሁ፤ ስድቧን ለምጄዋለሁ፣ ያሞቀኛል። መወልወሏን ቀጠለች። ግማሽ ሰዓት ቆሜ «እንግዲህ ልሂድ» አልኩ። «በሩን ሳብ አድርገው» አለች። በቃ ይኸው ነው።

ማክሰኞ። 19።

ወረቀቶቹ መጡ። የውሃው ውሃ ሰማያዊ፣ ያ የፈዘዘው፣ ሆኖ መጣ። መቃብሩ ሰማያዊ። በሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ማተሚያ ቤት ደወልኩ።

«የውሃ ሰማያዊ ብለህ ጽፈሃል» አለኝ።

«የውሃው፣ ሰማያዊ ይሁን ማለቴ ነው!»

«ነጥብ የለውም። ግራጫ ደግሞ አልቋል፤ ለሟቾች ብለን ነው ሰማያዊ ያደረግነው፤ ሰማይ ቤት ስለሚሄዱ።»

መቃብሩን በቢጫ እንደገና ያትማል። ስላይድ ሰምቶ «ይህ ለሥልጠና ጥሩ ምሳሌ ነው» አለ።

ቅዳሜ። 15።

ዝርዝሩ ተሟላ። አራት ሺህ ሁለት መቶ። የመጨረሻዎቹን ሰማንያ እኔ ነኝ የመዘገብኳቸው። ጫማዬ ተቀደደ። ማስታወቂያውን ታች ሰፈር የልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ በር የሌለበት ግድግዳ ነው።

እትዬ እስካሁን አልደወለችም። ሰዎች እንደሚሉት እሷም ቅስቀሳ ጀምራለች። በሕይወቷ ቀስቅሳ አታውቅም። አንዱ የምትለውን ሰምቶ ነገረኝ፦ «ካልመረጣችሁኝ የራሳችሁ ጉዳይ! ጉድጓድ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ!» በዚህ መፈክር ያሸነፈ ሰው የለም።

ቅዳሜ። 1።

ሳጥኖቹ ተደረደሩ። ቀለም አለ። ማኅተም አለ። ክር አለ። ሻማ የለም፤ ተገዛ። ስላይድ ፕሮጀክተሩን ጣቢያ ውስጥ ካላስገባሁ ብሎ ተከራከርን። አሸነፍኩ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ።

እሁድ። ምርጫው።

በሰልፉ ርዝመት ደነገጥኩ። በሩን ስንከፍት መስመሩ መንገዱን ዞሮ መጨረሻው አይታይም። የታች ሰፈር ሴቶች መቀመጫ ዱካ ዱካቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ በወረፋ ልምድ የሚያክላቸው የለም። ሰልፉን ራሳቸው አስተካከሉት፤ ፖሊሱ ጥላ ሥር ተቀመጠ።

አንድ ሽማግሌ አምስቱንም ወረቀት አንድ ሳጥን ውስጥ ከተቱ። «አንድ ሕዝብ አይደል የሚለው?» አሉኝ። አንዲት ሙሽራ የመቃብሩን ወረቀት አልቀበልም አለች፤ ክፉ ምልክት ነው ብላ። አንዱ ደግሞ «አስፋልቱን የሚሠራው የትኛው ቀለም ነው?» አለ። የትኛውም፣ ልለው ነበር፤ ገለልተኛ መሆን አለብኝና ዝም አልኩ።

አምስት ሰዓት ላይ እትዬ መጣች። ተራዋን ጠብቃ፤ ማንም ቀድማ እንድታልፍ አልጋበዛትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ጣቷን ቀለም የምቀባው እኔ ነበርኩ። መፍቻ የያዘ ጣት ሻካራ ነው። ቀለሙ ጥፍሯን ስቶ ፈሰሰ።

«በደንብ ቀባ» አለች። «ሁለት ጊዜ መረጠች እንዳይሉኝ።»

በሃያ ዘጠኝ ቀን ውስጥ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

ሰኞ።

ቆጠራው ከጠዋት ጀምሮ ነበር። አምስት ቀለም፣ አምስት ጠረጴዛ። የውሃውን የማነበው እኔ ነኝ፤ ደንቡ ነው፣ መዝጋቢው ያነባል። እትዬ ፊተኛው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አጣቢዋ ደግሞ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ለመቀመጥ ጊዜ ያላት አትመስልም።

አጣቢዋ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ።

እትዬ ስድስት መቶ አስራ አንድ።

የተበላሸ አንድ መቶ ሃምሳ ሁለት፤ ከነዚህ አንዱ ላይ «ሁለቱም ይሥሩ» ተብሎ ተጽፏል። አነበብኩት። ማንበብ አልነበረብኝም።

ቀና ስል ፊተኛው ወንበር ባዶ ነበር። አጣቢዋ መጥታ እጄን ጨበጠችኝ። «አሁን ምን ላድርግ?» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «ቧንቧው የት የት እንደሆነ እንኳን አላውቅም።» «እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳት፤ ደንቡ ነው።

ሐሙስ።

እትዬ ዛሬ በምሳ ሰዓት እቤት መጣች። ባለቤቴ አይታ ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ነው፤ አውቃታለሁ።

እትዬ ተቀመጠች። ሻይ አልፈለገችም። ውሃ አልፈለገችም። ያገባሁ ዕለት ራሷ የመረጠችልኝን ምንጣፍ ጫፉን በእግሯ አስተካከለች።

«ረስተህ ነው?» አለች።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ዝግጁ ነበር፤ ባለቤቴ ላይ፣ ስላይድ ላይ፣ እዚህ ደብተር ላይም ሠርቶልኛል።

«አልረሳሁም» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «ከራስህ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ ረቡዕ ጠዋቱም፣ ሰሌዳውም፣ የቆጣሪ ዝርዝሩም... አንቺ አድርግልኝ ብለሽኝ አታውቂም። እኔ ነኝ። እንድትወድቂ አልፈልግም ነበር።»

«ስንቱን ጊዜ?»

«አራቱንም።»

ይህን ስላት ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ፊቷ ግን ተለወጠ፤ የሆነ ነገር እየቆጠረች ያለች ሰው ፊት ሆነ። «እንግዲያው እነዚያ ምርጫዎች የኔ አልነበሩም» አለች። «ያንተ ናቸው።» ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ከሰሌዳው ላይ የገለበጠችውን የውጤት ሠንጠረዥ አወጣች፤ በየጣቢያው፣ በእርሳስ፣ በሷ ትልልቅ ፊደል።

«ይሄ ግን የኔ ነው» አለች። «ስድስት መቶ አስራ አንድ። እስቲ ልጠይቅህ። ሳሸንፍ ስንት ነበር?»

«ሰማንያ ሦስት።»

«ሰማንያ ሦስት ሰው! እነሱንም እኔ ራሴ ቀስቅሼ ነው ከአልጋ ያስነሳኋቸው። ይሄኛው ስድስት መቶ ሰው ማነው? በሰባት እጥፍ ተወድጄ ነው የወደቅሁት?» የሚያስቅ ነበር። ልስቅ ስል ዓይኗን አየሁና ተውኩት። ጣቷን፣ ቀለሙ ገና ያልለቀቀውን፣ ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ አደረገች። «ይሄ ሁለቱ ጣቢያ ታች ሰፈር ነው፤ አይደል?»

«ነው።»

«ዘጠና አራት ይላል። ተሳስተህ ነው?»

«ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።»

«ከታች ሰፈር ዘጠና አራት ሰው እኔን መረጠ? ውሃ ሰጥቻቸው አላውቅም እኮ። አንድም ቀን። ለምን ይመርጡኛል?»

«እኔ እንጃ እትዬ።»

«መዝጋቢ አይደለህ? ለምን አታውቅም?»

«ለምን የሚል ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትነሳ ወገቧን ያዘች፤ ልደግፋት ስል እጄን መታችኝ። ደስ አለኝ። በሩ ጋ ስትደርስ «የታች ሰፈር ሰባቱ መንገድ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ነገርኳት፤ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ግራ።

ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ መስኮቱ ላይ ቆመች። እትዬ ዳገቱን ወረደች። ወፍጮ ቤቱ መገንጠያ ላይ ትንሽ ቆመች። የሷ ቤት ወደ ቀኝ ነው። ወደ ግራ ሄደች።